የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ

ገና ሳይነጋ፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣
ስልኩ ይጮህና ሁለታችንን እኩል
ከፍራሽ ያወርዳል። ፊፊታ ወለሉን
በመዳፉ እየገፋ ይቆጥራል ትንፋሹን፤
እኔ ሸሚዝ ስተኩስ በመስኮት አያለሁ፦
ተንደር ቤይ ነጭ ናት። ሐይቁ የለም። እወጣለሁ።

ደረቴ ላይ ሰሌዳው፣ ያለ አንዳች ይሉኝታ፣
"ሽማግሌ ዳልቢ" ይላል፤ የሱም "ሽማግሌ ፊፊታ"።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤ ጢሜ ገና ጭላንጭል፣
ምላጭ የገዛሁት ለወግ ነው፣ ለይምሰል።
በኅዳር መጨረሻ፣ በሲምፕሰን ጎዳና፣
አንድ ሐበሻ ታክሲ ነጂ በሩን ከፈተና
ሰሌዳችንን አንብቦ ሳቀ እስኪያነባ፦
"በእኛ አገር ሽማግሌ ሰው ቤት ሲገባ
ልጅ ሊጠይቅ ነው፤ የኔዋ ግን ሦስት ዓመቷ!"
"ከብርዱ ይግቡ" አለች ከውስጥ እናቷ።
ሻይ እንደማንጠጣ ስንነግራት አዘነች፤
ሙቅ ውኃ ቀዳችልን። ሽምግልናዋ በዚያው አለቀች።

ይህ ስልክ የኔ አይደለም፤ የተልእኮው ንብረት፣
ጨዋታም ዘፈንም አልተጫነበት።
ፌስቡክ ተፈቅዷል፣ ግን ለሥራ ብቻ፤
ከዚያ አልፎ ለሚሄድ ጣቴ መግቻ
ፊፊታ አጠገቤ ጉሮሮ ይጠርጋል፤
የሱ ጣት ሲሸሽም የኔ ሳል ይመጣል።

ከተማው ካርታው ላይ በነጥብ ተነቅሷል፦
አረንጓዴው ይሰማል፣ ቢጫው ያመነታል፣
ግራጫው እምቢ ያለ ነው። ግራጫው ይበዛል።
መልእክት እልካለሁ፤ "ታይቷል" ይላል፤ ዝም ይላል።
"ታይቷል" የምትል ቃል ካንኳኳነው በር ሁሉ
የባሰች ናት፤ በር እንኳ "እምቢ" ይላል፣ በቃሉ።

አንዷ ቢጫ ነጥብ፣ ከሐይቁ ዳር ወደ ላይ፣
ወይዘሮ አይኖ ኮስኬላ፦ ሰማንያ ስድስት ዓመት፣ ሰማያዊ ዓይን፣ አካፋ እጇ ላይ።
"ስለ እግዜርማ" አለችን፣ "እኔና ይህ ሐይቅ
ስልሳ ክረምት አውርተናል። አሁን የሚያስጨንቅ
ደረጃዬ ነው።"
ጠረግንላት።
በሚቀጥለውም ማክሰኞ። በሚቀጥለውም።
አንድ ቀን ካርታውን በትከሻዬ በኩል አይታ
"እኔም አለሁ እንዴ?" ጠየቀች በፈገግታ።
አሳየኋት። "ሙዝ መስያለሁ" ብላ ሳቀች፤
የዓሣና የድንች ሾርባ በጎድጓዳ ሳሕን ቀዳች።

ሰኞ፣ ልብስ ማጠቢያው ቤት፣ እናቴ በስልክ ትመጣለች፣
ፊቷ ተቆራርጦ "ከስተሃል" ትላለች፤
ታናሼ ኩዊንሲ የወለቀ ጥርሷን
ካሜራው ላይ ለጥፋ ትጋርዳለች ቤታችንን።
ስለ አይኖ ስነግራት "እሷስ አመነች?" አለች እናቴ።
"ደረጃዋ ንጹሕ ነው" አልኩ። መልስ መሆኑን እንጃ፣ በሞቴ።

ስምንተኛው ማክሰኞ ደረጃው ተጠርጎ ቆየን።
ጎረቤቷ አካፋውን እንደያዘ አየን።
"ዓርብ ሌሊት፣ በእንቅልፏ" አለ። ሌላ አልጨመረም።
ፊፊታ ኮፍያውን አወለቀ፤ ብርዱን አልፈራም።

ማታ ስልኩ ጠየቀ፦ የማክሰኞው ጉብኝት?
ምርጫው አራት ብቻ ነው፤ አንድ በአንድ አየሁት፦
ተምራለች። አልተገኘችም።
አትፈልግም። አድራሻ ቀይራለች።
ሞት የሚባል የለም።
ፊፊታ ከጎኔ ያያል፤ ጉሮሮውን አልጠረገም።

"አድራሻ ቀይራለች" የሚለውን ነካሁ።
ጨረስኩ ብዬ ነበር፤ ሌላ ሳጥን አየሁ፦
"አዲሱን አድራሻ ያስገቡ" ይላል ደግሞ።
ጣቴ ቀረ በፊደሎቹ ላይ ቆሞ።
ስንት ወር በየደጁ "አውቃለሁ" ስል የከረምኩትን
አንዲት ባዶ ሳጥን ጠየቀችኝ፤ መንገዱን፣ የቤት ቁጥሩን።

አራት ተኩል ሆነ፤ መብራት ማጥፊያ ሰዓት።
ሳጥኗን እንዳለች፣ እንደ ባዶዋ ተውኳት።
ከመጥፋቱ በፊት ስልኩ አንድ ነገር አለ፦
ሌሊት በረዶ ይጥላል፣ እስከ ጉልበት ያህል።
ፊፊታ በጨለማ ተነሣ፤ ሰማሁት፣
አካፋውን ፈልጎ በር ሥር ሲያቆመው።